ሥራ አመራርን ለመመርመር መሠልጠን

ሥራ አመራርን የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ ከፊዚክስ ተማሪ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የሚመረምራቸው ሰዎች የምርመራውን ውጤት አንብበው ሊለወጡ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጅ ስለ ሥራ አስኪያጆች የተጻፈውን ንድፈ ሐሳብ በኮርስ ይማረዋል፣ በሥልጠና ይሰማዋል፣ በአማካሪ ድርጅት በኩል ገንዘብ ከፍሎ ያስመጣዋል። ከዚያም በዚያው ንድፈ ሐሳብ ተመርቶ ደመወዝ ይመድባል፣ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ኮከብ ስለ ራሷ የተጻፈውን አታነብም። ስለዚህ አንድን ሰው ለእንዲህ ያለ ምርምር ማዘጋጀት ሁለት የቆዩ የፍልስፍና ጥያቄዎችን ያስነሳል። ሥራ አመራር ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? ዕውቀቱን የሚያመነጨው ሰውስ ዕውቀቱ ለሚያስከትለው ነገር ምን ያህል ተጠያቂ ነው? ብዙ የዶክትሬት መርሐ ግብሮች ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ኮርስ ይመድባሉ፤ ሁለተኛውን ግን ተማሪው እግረ መንገዱን እንዲያገኘው ይተዉታል።

ትምህርቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲገባ ሳይንስ ልሁን የሚል ትልቅ ምኞት አልነበረውም። ዋርተን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1881፣ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈቱ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዓላማቸው በዋናነት ነጋዴና ሥራ አስኪያጅ ማፍራት ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1920 በንግድ ሥራ የፒኤችዲ ትምህርት ቢጀምርም ለረጅም ጊዜ ከማስተማሪያው ይዘት ብዙው ልምድ ያላቸው ሰዎች ያዩትንና የሠሩትን የሚተርኩበት ነበር። የዚህን ድክመት ከሁሉ በላይ ያጋለጠው ኸርበርት ሳይመን ነው። በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ የዘመኑ የአስተዳደር መርሆዎች ልክ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚቃረኑ አሳየ። በአማርኛም ቢሆን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የሚጠቅስ ሽማግሌ፣ ነገሩ ሲገለበጥበት «ሳይቃጠል በቅጠል» ለማለት አይቸገርም። ሁለቱም ከተፈጸመ በኋላ ነገሩን ያስረዳሉ፤ አስቀድሞ የትኛውን መከተል እንደሚገባ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። የሳይመን ክስ ይህ ነበር።

ክሱ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የተቋም ኃይል አገኘ። በ1959 በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሮበርት ጎርደንና ጄምስ ሃውል፣ በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ድጋፍ ደግሞ ፍራንክ ፒርሰን ያዘጋጇቸው ሁለት ሰፊ ዘገባዎች ታተሙ። ሁለቱም የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶችን በዝቅተኛ የትምህርት ደረጃና በደካማ ምርምር ወቀሱ፤ መድኃኒቱ ኢኮኖሚክስ፣ ሥነ ልቦና፣ ሶሺዮሎጂ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ መሆኑንም ገለጹ። የፎርድ ፋውንዴሽን ለዚሁ ለውጥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። አርአያ ሆኖ የታየው ሳይመን ራሱ ያስተምርበት የነበረው፣ በ1949 በፒትስበርግ የተከፈተው የካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የተለመደው የዶክትሬት ትምህርት ሥርዓት መልክ የያዘው በዚያ ዘመን ነው። ሁለት ዓመት ያህል ኮርስ፣ ቀጥሎ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ ፕሮፖዛል፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት።

የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። «እኔ ሠርቼ አይቼዋለሁ» የሚል ትልቅ ሰው ያለ ማስረጃ የሚረታበት ዘመን አበቃ። የጠፋውን ነገር ለማየት ግን ወደ አርስቶትል መመለስ ይጠቅማል። አርስቶትል በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር ድርሳኑ ስድስተኛ መጽሐፍ ዕውቀትን በዓይነት ይለያል። ሌላ ሊሆን የማይችለውን ነገር የሚያውቅ ሳይንስ አለ፤ ዕቃ የሚሠራ የእጅ ጥበብ አለ፤ በተለዋዋጭ የሰው ጉዳይ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚለይ ተግባራዊ ማስተዋልም አለ። በዚሁ መጽሐፍ ወጣቶች በጂኦሜትሪና በሒሳብ ሊራቀቁ እንደሚችሉ፣ አስተዋይ ግን ሊሆኑ እንደማይችሉ ይናገራል። ምክንያቱም ማስተዋል ዝርዝር ሁኔታን ማወቅ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በዕድሜ በሚገኝ ልምድ ይመጣል። የ1959ኙ ተሐድሶ ሥራ አመራርን ወደ መጀመሪያው ዓይነት ዕውቀት ወሰደው። ውጤቱም በስታቲስቲክስ የበረታ፣ ሆኖም ሠራተኛ አሰናብቶ የማያውቅ፣ በጀት ጎድሎበት ያላደረ የሃያ ስድስት ዓመት ተመራማሪ ነው።

ይህ ጉድለት ሊሞላ እንደሚችል ያሳየ አንድ የዶክትሬት ጥናት አለ። ሄንሪ ሚንትዝበርግ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ በ1968 ላጠናቀቀው ጥናት አምስት የድርጅት ኃላፊዎችን መርጦ እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከታተለ። ምን እንደሚሠሩ በመጠይቅ ከመጠየቅ ይልቅ ሲሠሩ አየ፤ ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ ስብሰባውን መዘገበ። ከአንሪ ፋዮል ጀምሮ የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ አስኪያጅ ያቅዳል፣ ያደራጃል፣ ያስተባብራል፣ ይቆጣጠራል ይሉ ነበር። ሚንትዝበርግ ያየው ሌላ ነው፤ የተቆራረጠ ቀን፣ ከጥቂት ደቂቃ የማይዘልቁ ጉዳዮች፣ ከተጻፈ ሪፖርት ይልቅ በአፍ ለሚመጣ ወሬ የሚያደላ ሰው። ጥናቱ በ1973 በመጽሐፍ ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። ለዶክትሬት ተማሪ የሚያስገርመው የናሙናው ማነስ ነው። አምስት ሰው! ማንኛውም የስታቲስቲክስ መምህር ይህን ቁጥር ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። ሆኖም ጥናቱ «ስንቶቹ ሥራ አስኪያጆች እንዲህ ናቸው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ጥያቄው «ሥራው ራሱ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ለዚህ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት ይበቃል። ጥያቄውና ዘዴው መስማማታቸውን መመዘን ከማንኛውም የስሌት ችሎታ ይቀድማል። ይህን ለመማር ደግሞ ተማሪው ከመቁጠርና ከማየት አንዱን ዘዴ ከመውደዱ በፊት ሁለቱን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

ዘርፉ በዚህ ላይ እርስ በርሱ መሟገቱን አላቆመም። ጊብሰን በርልና ጋሬዝ ሞርጋን በ1979 የድርጅት ጥናት በአራት የማይታረቁ ዓለማት መከፈሉን ጻፉ። ጄፍሪ ፌፈር በ1993 ዘርፉ እንደ ኢኮኖሚክስ በአንድ መንገድ ካልተስማማ ክብሩንና ገንዘቡን ያጣል ሲል፣ ጆን ቫን ማነን በ1995 የተለያየ አጻጻፍና አስተሳሰብ የዘርፉ ሀብት ነው ብሎ መለሰለት። ክርክሩ ዛሬም በሥነ ዕውቀት ኮርሶች ይነበባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተማሪው ከአራቱ ዓለማት አንዱን መርጦ የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ «ይህ ጥናት የሚከተለው ፍልስፍና» ብሎ ይጽፍና በዚያው ይረሳዋል። ፍልስፍናው በምዕራፍ ሦስት ተጽፎ በምዕራፍ አራት ካልታየ ጌጥ ብቻ ነው።

ከኮርስ ያለፈውን የሥልጠናውን ክፍል ከሌሎች በተሻለ የገለጸው በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የሆነው ኬሚስት ማይክል ፖላኒ ነው። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሳይንቲስት የሚያውቀው ነገር ሁሉ በቃል ሊነገር እንደማይችል፣ ስለዚህም ዕውቀቱ ከመምህር ወደ ተማሪ አብሮ በመሥራት እንደሚተላለፍ አስረዳ። ይህ በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ለተማረ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይሆንም። ተማሪው አገባቡን በቃሉ ያጠናል፤ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሲያቀርብና ሲታረም ግን ደንቡ የማይነግረውን ነገር ይማራል። በዶክትሬት ትምህርትም አማካሪው የቱ ጥያቄ እንደሚያዛልቅ፣ የትኛው ውጤት «ከመጠን በላይ አማረ» ተብሎ መጠርጠር እንዳለበት፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ የሚያስተላልፈው በንግግር ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ፖላኒ ያስጠነቀቀው ነገርም አለ። እንዲህ የሚማር ሰው መምህሩን አምኖ መከተል ስላለበት ጥበቡን ብቻ አይወስድም፤ መምህሩ ራሱ የማያውቀውን ልማድም ይወርሳል።

የወረሱትን አለመጠርጠር ምን እንደሚያስከትል የዘርፉ መሥራች ታሪኮች ያሳያሉ። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው የሳይንሳዊ ሥራ አመራር መጽሐፍ በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ አንድ ጭነት ተሸካሚ በቀን ይሸከም የነበረው ብረት ከ12.5 ቶን ወደ 47.5 ቶን እንዳደገ፣ ደመወዙም ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ዶላር ከፍ እንዳለ ተረከ። ሠራተኛውን «ሽሚት» ብሎ ጠራው፤ ከበሬ ጋር የሚመሳሰል አእምሮ እንዳለው አድርጎም ሣለው። ትረካው በመማሪያ መጻሕፍት ለስድሳ ዓመታት ያህል ሲገለበጥ ቆየ። በ1974 ሁለት ተመራማሪዎች የቀሩትን መዛግብት ከትረካው ጋር ሲያስተያዩ ብዙው ክፍሉ የተፈጠረ ወይም የተለወጠ ሆኖ አገኙት። እውነተኛው ሠራተኛ ሄንሪ ኖል ይባል ነበር፤ መጽሐፉ እንደሚለው ደንቆሮ እንዳልነበረም ታወቀ።

በቺካጎ አቅራቢያ በዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 የተካሄዱት ጥናቶችም ከዚህ ብዙም አይሻሉም። ታሪኩ ሲነገር መብራቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ምርት ያድግ ነበር፤ ሠራተኞቹን ያበረታው መጠናታቸው ራሱ ነው ይባላል። ሆኖም በዋናው የሙከራ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት አምስት ገጣጣሚ ሴቶች ሁለቱ በ1928 መጀመሪያ ላይ ወሬ አበዙ፣ አልታዘዝም አሉ ተብለው ተነሥተው በሌሎች ተተኩ። ይህ ከእነዚህ ጥናቶች ከተነሣው፣ «ሰብዓዊ ግንኙነት» ከሚባለው አስተሳሰብ መልካም ስም ጋር የሚሄድ አይደለም። ጠፋ ተብሎ ይታሰብ የነበረው የመብራት ሙከራ መረጃ ሲገኝ ደግሞ ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት በ2011 እንደገና አሰሉት፤ ዝነኛው ውጤት በመረጃው ውስጥ ሲነገር እንደቆየው ሆኖ አልተገኘም። የሁለቱ ታሪኮች ትምህርት ለዶክትሬት ተማሪ ከማንኛውም የዘዴ ኮርስ በላይ ይበቃል። የማንኛውንም የተከበረ ጽሑፍ ዋቢ ተከትሎ እስከ ጥሬ መረጃው መውረድ፣ መረጃው ከሌለም አለመኖሩን መናገር።

እስከዚህ ያለው ስለ እውነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይከብዳል፤ እውነትን መናገር ብቻ ይበቃ እንደሆነ የሚጠይቅ ነውና። ዴቪድ ሂዩም በ1740 «ነው» ከሚል ዓረፍተ ነገር «ይገባል» ወደሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ተጨማሪ ምክንያት መሸጋገር እንደማይቻል አመለከተ። ማክስ ዌበርም በ1917 በሙኒክ ባደረገው ንግግር መምህር ከመምህርነቱ ወንበር ላይ ሆኖ ተማሪዎቹን እንዴት መኖር እንዳለባቸው መስበክ እንደሌለበት፣ ሥራው የማይመቻቸውን ሐቅ እንዲያዩ መርዳት እንደሆነ ተናገረ። የ1959ኙ ሥልጠና የሁለቱን ትምህርት ወርሷል። ተመራማሪው ያለውን ይገልጻል፤ መሆን የሚገባው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ፊዚክስ ላይ ይህ ክፍፍል ይሠራል። ሥራ አመራር ላይ ግን «ያለውን» የሚገልጸው ጽሑፍ ያለውን ይለውጠዋል።

ይህን ከማንም በላይ ጮክ ብሎ የተናገረው በካልካታ የተወለደው የለንደን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሱማንትራ ጎሻል ነው። በ2004 ካረፈ በኋላ በ2005 በወጣው ጽሑፉ መጥፎ የሥራ አመራር ንድፈ ሐሳቦች ጥሩውን የሥራ አመራር ተግባር እያጠፉ ነው ሲል ከሰሰ። ዋና ዒላማው ማይክል ጄንሰንና ዊልያም ሜክሊንግ በ1976 በስፋት ያብራሩት የውክልና ንድፈ ሐሳብ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ከአንድ ግምት ይነሣል፤ ሥራ አስኪያጅ የባለአክሲዮን ወኪል ነው፤ ካልተቆጣጠሩትና ጥቅሙን ከእነርሱ ጋር ካላሰሩት ለራሱ ይሠራል። ለስሌት የተወሰደ ግምት ነው። ሚልተን ፍሪድማን በ1953 ግምት እውነት መሆን የለበትም፣ ትንበያው ከተሳካ ይበቃል ብሎ ስለነበር ብዙዎች አልተጨነቁበትም። ይሁን እንጂ ግምቱ ከክፍል ወጥቶ የዳይሬክተሮች ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሥራ አስኪያጅን በአክሲዮን መሸለም በ1990ዎቹ በአሜሪካ በእጅጉ ተስፋፋ፤ የግብር ሕግና የገበያው ግለትም ድርሻ ስለነበራቸው ለዚህ ሁሉ ንድፈ ሐሳቡን ብቻ መወንጀል ልክ አይሆንም። ቢሆንም ጄንሰን ራሱ በ2005 ዋጋው ከመጠን በላይ የናረ አክሲዮን ሥራ አስኪያጆችን ወደ ጥፋት እንዴት እንደሚገፋ ጽፏል። የጎሻል ክርክር ደግሞ እንዲህ ነው። ሰውን ሁሉ አጭበርባሪ አድርጎ የሚቆጥር የቁጥጥር ሥርዓት ሲተከል የሚታመነውም ሰው እምነት እንደማይጣልበት ያያል፤ ቀስ በቀስም እንደተገመተው ይሆናል። ያኔ መረጃው ንድፈ ሐሳቡን «ያረጋግጣል»።

በዚህ ክርክር ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ንድፈ ሐሳብ ራሱን እውነት ያደርጋል የሚለው አባባል በየጉዳዩ መረጋገጥ ያለበት እንጂ በጅምላ የሚታመን አይደለም። ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ተማሪዎች በትብብር ጨዋታ ይበልጥ ራስ ወዳድ ሆነው መታየታቸውን ያሳየ የ1993 ጥናት አለ፤ ሌሎች ደግሞ ትምህርቱ ለወጣቸው ወይስ ቀድሞም እንዲህ ያሉት ናቸው ትምህርቱን የሚመርጡት ብለው ይከራከራሉ። ሁለተኛው ነጥብ ግን ከማስረጃው ብዛት ጋር አይያያዝም። ተመራማሪው የሚመርጠው ግምት ስለ ሰው ልጅ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ሲመርጠውም ሌላውን ትቶ ነው። ስለዚህ ግምትን መምረጥ የዘዴ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ ተማሪውም ከመላምቱ በፊት ያለውን ግምት እንዲያጸድቅ በፈተና መጠየቅ አለበት።

ተጠያቂነት ከግምትም በፊት በመረጃው ላይ ይጀምራል፤ በኔዘርላንድስ የደረሰው ነገር ሥልጠናው የት ላይ እንደሚሰበር ያሳያል። የቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰርና ዲን የነበረው ዲዴሪክ ስታፔል በ2011 ለዓመታት መረጃ ሲፈጥር እንደነበር አመነ። ከሃምሳ በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። ለዚህ ርዕስ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው፤ ስታፔል ለዶክትሬት ተማሪዎቹ ተሰብስቦ ያለቀ የሚመስል መረጃ እየሰጣቸው ነበር፤ በሐሰተኛ መረጃ ላይ ተመሥርተው የተመረቁም ነበሩ። መርማሪው ኮሚቴ ተማሪዎቹን ጥፋተኛ አላደረገም። ሆኖም መረጃ ሰብስቦ የማያውቅ ሰው ዶክተር ሊሆን የቻለበትን፣ ገምጋሚም አማካሪም ጥሬውን ቁጥር አሳየኝ ያላለበትን ልማድ ወቅሷል። ጉዳዩን ያጋለጡት ወጣት ተመራማሪዎች ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ፈጠራ በታች ስም የማያስጠፋ ልማድም አለ። ኖርበርት ከር በ1998 እንደገለጸው፣ ተመራማሪው ውጤቱን ካየ በኋላ መላምቱን ጽፎ አስቀድሞ እንደገመተው ያቀርበዋል። በቅጥርና በዕድገት የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ሲሆን፣ የታዋቂ ጆርናሎች ቦታም «አዲስ» ውጤት ላገኘ ሲሰጥ፣ ይህ ልማድ ከአማካሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ማንም መጥፎ ነገር እያስተማርኩ ነው ሳይል ነው። መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የጥናቱን ዕቅድ ማስመዝገብ፣ ጥሬ መረጃን ማስቀመጥ፣ የሌላን ሰው ጥናት መድገም አሁን በአንዳንድ መርሐ ግብሮች የሥልጠናው አካል እየሆኑ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ከተወለደበት አገር ወጥቶ ሲጓዝ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ የኢትዮጵያ ዶክትሬት ተማሪዎች በቀጥታ የሚያውቁት ችግር ነው። የጊርት ሆፍስቴድ የባህል መለኪያዎች (ለምሳሌ ሰዎች የሥልጣን ልዩነትን የሚቀበሉበትን መጠን የሚለካው «የሥልጣን ርቀት») በሥራ አመራር ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። መነሻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአይቢኤም ሠራተኞች መካከል የተሰበሰበ ከመቶ ሺህ በላይ መጠይቅ ነው። በዚያ መረጃ ኢትዮጵያ ለብቻዋ ውጤት የላትም፤ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ በአንድ ተደምራለች። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ቁጥር ተነሥቶ «የኢትዮጵያውያን የሥልጣን ርቀት ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚናገረው በአራት አገሮች ስለነበሩ የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ነው። እዚያው አጠገቡ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጠው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው፣ ቅጣት እያስከፈሉ ለትውልድ የሚዘልቁ ዕድሮችና ያለ ባንክ ካፒታል የሚያዞሩ ዕቁቦች አሉ። ቅጥር ተቆጣጣሪ የሌለው ዕቁብተኛ ዕጣውን ከወሰደ በኋላም ለምን መክፈሉን እንደሚቀጥል የሚጠይቅ ጥናት የውክልና ንድፈ ሐሳቡን ከመሠረቱ ሊፈትነው ይችላል። ከውጭ የመጣን መጠይቅ ከመተርጎም ይልቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት የሚሰጥ አማካሪ ያስፈልጋል።

የመስክ ሥራው የራሱ የሥነ ምግባር ፈተና አለው። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ደብዳቤው ለኃላፊው ይመራል፤ መጠይቁም ብዙ ጊዜ የሚበተነውና የሚሰበሰበው በሰው ኃይል ክፍሉ በኩል ነው። ስለ አለቃው አመራር የሚጠየቅ ሠራተኛ መልሱን በማን እጅ እንደሚያስረክብ ያውቃል። የሚገኘው ቁጥር ንጹሕ ቢመስልም የሚለካው የሠራተኛውን ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃዱንም የሰጠው ሠራተኛው ሳይሆን አለቃው ነው። ይህን ለመከላከል የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አሉ። ደንቦቻቸው በአብዛኛው ከሕክምና ምርምር የወጡ ናቸው፤ በናዚ ሐኪሞች ላይ ፍርድ ሲሰጥ በ1947 ከተነገረው የኑረምበርግ ሕግና ከ1979ኙ የአሜሪካ የቤልሞንት ዘገባ። ስለ ፈቃድ፣ ስለ ምስጢር፣ በተጠያቂው ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ይጠይቃሉ። ንድፈ ሐሳቡ ነገ ሥራ ላይ ሲውል በሌሎች ሠራተኞች ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን አይጠይቁም። እንዲያውም የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ኮሚቴዎቹ ከጥናቱ የተገኘው ዕውቀት በሥራ ላይ ሲውል የሚያመጣውን የረጅም ጊዜ ውጤት እንደ አደጋ እንዳይቆጥሩት በግልጽ ያዛል። ለደንቡ ምክንያት አለው፤ ኮሚቴ በወደፊቱ ፖለቲካ እየፈረደ ምርምር እንዳያግድ ነው። ጎሻል ያነሣው ጥያቄ ግን በዚህ ደንብ መሠረት ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ይወድቃል፤ ፕሮፖዛሉ ከመቅረቡ በፊት ካልተነሣ ሊነሣበት የሚችል ሌላ መድረክ የለውም፤ የሚያነሡትም ተማሪውና አማካሪው ብቻ ናቸው።